ማስተካከያ፦ አርቲኤክስ 3080 ወይስ አርቲኤክስ 4070?

ቀደም ሲል ባወጣነው ንጽጽር፣ የ2020ው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተር ምስል አቀነባባሪ) አርቲኤክስ 3080 (ባለ 10 ጊጋባይት ሜሞሪው) የሜሞሪ መስመሩ፣ ማለትም ከሜሞሪው ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መንገድ ስፋት፣ 320 ቢት ስለሆነ ባለ 192 ቢቱን የ2023 አርቲኤክስ 4070 በሁሉም ረገድ ይበልጣል ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በመስመሩ ስፋት ብቻ መፍረድ አይቻልም። 4070ው 36 ሜጋባይት ኤልቱ ካሽ (በቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) ሲኖረው 3080 ያለው 5 ብቻ ነው፤ ብዙ መረጃ ከካሹ ስለሚገኝ ወደ ሜሞሪው የሚደረገው ምልልስ ይቀንሳል። በ1440ፒ የስክሪን ጥራት ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ሰፊው መስመር ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ ከፍ ባለው የ4ኬ ጥራት ነው፤ እዚያ ደግሞ በከባድ ጨዋታዎች የ3080ው ባለ 10 ጊጋባይት ሜሞሪ ይሞላና ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል።

3080 ዲኤልኤስኤስ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨዋታን የሚያፈጥን የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ) የለውም ማለታችንም ልክ አልነበረም። ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል ወደ ከፍተኛ የሚቀይረው ምስል ማሳደጊያው ይሠራል፤ የሌለው በምስሎች መሀል ተጨማሪ ምስል የሚፈጥረው ፍሬም ማመንጫው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ለ3080ው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ይበቃል ማለታችን ነው። ካርዱ 320 ዋት ይወስዳል፣ ለቅጽበትም ከዚያ በላይ ይዘላል፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩን በጨዋታ መሀል ድንገት ያጠፋዋል። ኤንቪዲያ የሚመክረው 750 ዋት ነው፤ ለ4070 ደግሞ 650 ዋት። ለካርዱ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ባለ 8 ፒን መሰኪያዎችም በአንድ ባለሁለት ጫፍ ገመድ ሳይሆን እያንዳንዱን በራሱ ገመድ አገናኙ።