ማስተካከያ፦ የዓሣ አጥማጆቹ ምሳሌ ሲምፕል ራንደም አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ናሙና አወሳሰድ በጻፍኩት ላይ ስህተት አለ። ጣና ዳር 100 ዓሣ አጥማጆች አሉ እንበል ብዬ ነበር፤ 60ዎቹ በደንገል ታንኳ፣ 40ዎቹ በሞተር ጀልባ የሚሠሩ። ከባለታንኳዎቹ 6፣ ከባለጀልባዎቹ 4 ሰው በዕጣ አወጣሁና «ሁሉም እኩል ዕድል ስላለው ይህ ሲምፕል ራንደም ሳምፕሊንግ ነው» አልኩ። አይደለም። ስትራቲፋይድ ነው፤ ማለትም ሰዎቹን በምድብ ከፍሎ ከየምድቡ ለብቻ ዕጣ ማውጣት።

እኩል ዕድሉ ልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከ10 አንድ ይደርሰዋል። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። የመግቢያ ስታትስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት እንደሚሉት፣ ሲምፕል ራንደም የሚባለው ሊወጣ የሚችል የ10 ሰው ስብስብ ሁሉ እኩል ዕድል ሲኖረው ነው። 100ውን ስም እንደ ዕቁብ ዕጣ ጠቅልላችሁ አንድ ሳህን ውስጥ ብትጨምሩ፣ አሥሩም ባለታንኳ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። በእኔ አወጣጥ ይህ ፈጽሞ አይመጣም። ሳህኑ ሁለት ነበራ!

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከየምድቡ 5፣ 5 ሰው ወሰዳችሁ እንበል። ባለታንኳዎቹ በቀን በአማካይ 8 ኪሎ፣ ባለጀልባዎቹ 30 ኪሎ ዓሣ ቢያወጡ፣ አሥሩን ደምሮ ለ10 ማካፈል 19 ይሰጣል። በየድርሻቸው፣ በ0.6 እና በ0.4፣ አባዝታችሁ ስትደምሩ ግን 16.8 ኪሎ ነው። ትክክለኛው ግምት ይኸኛው ነው።

በቀድሞው ጽሑፍ አሳይመንት የሠራችሁ ካላችሁ የናሙናውን ስም ቀይሩ፤ ስታንዳርድ ኤረሩንም (ግምቱ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚለካውን) በስትራቲፋይድ ቀመር እንደገና አስሉት። ጽሑፉን አርሜዋለሁ።