ሕፃኑ ሳይመጣ ምን ይገዛ? ከዝርዝሩ ግማሹ ይቅር

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት እጅ ላይ ዛሬ ዛሬ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የዕቃ ዝርዝር ነው። ጓደኛ በስልክ ይልካል፣ ዘመድ ከራሱ ጨምሮበት ያስተላልፋል፣ ሻጩም አሳምሮ አትሞ ያድላል። በቅርቡ ያየሁት አንዱ ሦስት ገጽ ሞልቶ ነበር። ከዳይፐርና ከቱታ መሐል የእርጥብ ሶፍት ማሞቂያ፣ የአልጋ ዙሪያ ትራስ፣ የሕፃን ሽቶ፣ አልፎ ተርፎም ጫማ ተደርድሯል። ጫማ! መቆም ቀርቶ አንገቱን ማቅናት ለማይችል ፍጡር።

እንዲህ ያለው ዝርዝር ይጠር ሲባል ብዙዎች ነገሩን የቁጠባ ምክር አድርገው ይወስዱታል። አቅም ያለው «ገንዘቡ የኔ፣ ልጁም የኔ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች ለአንዳንዶቹ ኪስ ማራቆት ትንሹ ጥፋታቸው ነው፤ ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ይባስ ብሎ አደገኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚስቡት፣ ለስላሳና ምቹ የሚመስሉት ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ መሰረዝ ሀብታምም ሆነ ድኻ ሊያልፈው የማይገባ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

ከመኝታው እንጀምር፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ከሃያ አራቱ ሰዓት ከ14 እስከ 17 የሚሆነውን ተኝቶ ያሳልፋልና። ለእንቅልፉ የሚያስፈልገው ነገር ግን ሲቆጠር ከእጅ ጣት አይሞላም፦ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽ፣ በደንብ የተወጠረ አንሶላ። በቃ። ትራስ የለም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ የተቀበረ ጨቅላ ራሱን አዙሮ ወይም ዕቃውን ገፍቶ አየር ማግኘት አይችልም፤ አንገቱም ክንዱም ገና አልጠናም። የሚተኛውም በጀርባው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይህን መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ተከተለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያች አገር ተኝተው ሳለ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት መጠን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዚህ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ውድ መሣሪያም አልተገዛም። የተለወጠው አተኛኘቱ ነው።

ገበያው ግን ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። ፊሸር ፕራይስ የተባለው የታወቀ አምራች ሮክን ፕሌይ የተሰኘ፣ ሕፃኑን ዘንበል አድርጎ የሚያስተኛ መኝታ በ2009 ለገበያ አቀረበ። ወላጆች ወደዱት፤ አልተኛም ብሎ የሚነጫነጭን ልጅ እሹሩሩ ብሎ ያስተኛላቸው ነበር። በኤፕሪል 2019 ዕቃው ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ የተሸጠው 4.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከ30 በላይ ሕፃናት መሞታቸውም ያኔ ተገለጸ። ዘንበል ባለ ነገር ላይ የተኛ ጨቅላ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ሲወድቅ የአየር ቧንቧው ይጠባል፤ ወደ ጎን ከዞረ ደግሞ ፊቱ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብሉ የሕፃን መኝታዎችን፣ ከእነሱም ጋር በስፖንጅ የተሞሉትን የአልጋ ዙሪያ መከለያዎች ከሽያጭ አገደ። ሕጉ በማይደርስበት ገበያ ግን መከለያዎቹ ዛሬም በሪባን ታስረው፣ ከአንሶላው ጋር በአንድ ጥቅል፣ «ሙሉ ስብስብ» ተብለው ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ጥቅል የገዛ ሰው አንሶላውን ይጠቀምና ሌላውን ልጁ ካደገ በኋላ ያውጣው።

አልጋ ስትመርጡ ፍራሹን በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ እጃችሁን አንሡ። የእጃችሁ ቅርጽ ሰምጦ ከቀረ ፍራሹ ለአዋቂ ይመች ይሆናል እንጂ ለጨቅላ አይሆንም። በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለም ተዉት። የአልጋው ዘንጎች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከ6 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ካሾለከ የሕፃኑንም ገላ ያሾልካል። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አሮጌ አልጋ በውርስ ከመጣላችሁ ደግሞ አመስግናችሁ መልሱት፤ አሜሪካ ይህን ዓይነቱን አልጋ ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ ማያያዣው ሲላላ ሕፃን በክፍተቱ ይቀረቀራልና። ወላጅ በሚተኛበት ክፍል፣ ከወላጅ አልጋ አጠገብ መቀመጥ የሚችል ትንሽ አልጋ ለብቻው ከተዘጋጀ የሕፃን ክፍል ይሻላል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚመከረውም ይኸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ በተለያየ አልጋ መተኛት ነው። ቀለም የተቀባው፣ መጋረጃ የተሰቀለለት የልጅ ክፍል ለፎቶ ያምራል እንጂ ባለቤቱ ለወራት አይገባበትም።

«ታዲያ ምን ይበቃል?» የሚለውን ፊንላንድ ከብዙ ዓመት በፊት በመንግሥት ደረጃ ጠይቃ መልሳለች። በ1938 ለአነስተኛ ገቢ እናቶች የጀመረችው የወሊድ እርዳታ በ1949 ለሁሉም እናት ተዳረሰ፤ የሕፃን ልብስ፣ አንሶላና የንጽሕና ዕቃ የተሞላ የካርቶን ሣጥን ነው። ከሥሩ ፍራሽ ስላለው ሣጥኑ ራሱ የመጀመሪያ አልጋ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ሣጥን ብዙ ተወርቷል፤ የሚያወሩት ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። እናቲቱ እርዳታውን የምታገኘው አራተኛ የእርግዝና ወሯ ሳያልቅ ጤና ጣቢያ ሄዳ ከተመረመረች ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቅድመ ሁኔታ ነው። ካርቶኑ እናቶችን ወደ ሐኪም የሚስብ ማባበያ ሆኖ ሠርቷል፤ በሣጥኑ ካለው ልብስ ሁሉ ይልቅ ለሕፃኑ የበጀው ይሄ ጉብኝት ይመስለኛል።

የካርቶን ሣጥን የሚሰጥ መንግሥት ለሌለን ግን መለያ ያስፈልገናል። የኔ መለያ አንድ ጥያቄ ናት፦ ልጁ ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፣ ሌሊት ሱቅ ተዘግቶ ሳለ፣ ይህ ዕቃ ባይኖረን እንቸገራለን? መልሱ «አዎ» ከሆነ ይገዛ። «ምናልባት» ከሆነ ይቆይ፤ ሱቁ የትም አይሄድም።

በዚህ መለያ ልብስ ያልፋል፣ በመጠኑ። ጨቅላ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምራል፤ ትንሿ ቁጥር ልብስ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አትሄድም፤ ከበድ ብሎ የተወለደውማ ጭራሽ አይገባባትም። ከስድስት እስከ ስምንት ቱታ፣ እንደ አጠባችሁ ድግግሞሽ፣ ይበቃል። ቁም ነገሩ ያለው አከፋፈቱ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ደብዘዝ ብሎ፣ የሚያለቅስ ልጅ እግሩን እያወራጨ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የተደረደረ ቁልፍ አንድ በአንድ ገጥማችሁ መጨረሻው ላይ አንድ ቁልፍ ስትተርፍ ያኔ ዚፕ የሠራውን ሰው ትመርቁታላችሁ። ዚፑ ከታች ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ደረቱን ሳታበርዱ ዳይፐር ትቀይራላችሁ። ትከሻው ላይ የተደራረበ አንገት ያለው ከናቴራም ለጌጥ አልተሰፋም፤ ዳይፐር ሲያፈስ ልብሱ ቆሻሻውን በልጁ ፊት ላይ ሳያሳልፍ ወደ ታች እንዲወልቅ ነው። አንገቱ ላይ ክር ወይም ሪባን ያለውን ልብስ የፈለገ ቢያምር አታልብሱ።

ዳይፐር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን አሥር ገደማ ይሄዳል። እንደዚያም ሆኖ ትንሿን ቁጥር በካርቶን ማከማቸት አያዋጣም፤ አንድ ሁለት እሽግ ይበቃል፣ ልጁ ሲታይ ይቀጥላል። በነገራችን ላይ ዳይፐር ወላጅ እጅ ያለ ጥሩ መለኪያም ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ ስድስት በሽንት የረጠበ ዳይፐር የሚቀይር ልጅ ወተት እየደረሰው ነው፤ ከዚያ ካነሰ ባለሙያ ማየት አለበት። የሚጠባውን ወተት መጠን እናገራለሁ ከሚል መሣሪያ ይህንን አምናለሁ።

ጡጦና የዱቄት ወተት «ለማንኛውም» ተብሎ አስቀድሞ መገዛቱን አልወደውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የጡት ወተት ብቻ ይመክራል። የዓለም ጤና ጉባኤም በ1981 የጡት ወተት ተተኪዎች የሚሸጡበትን መንገድ የሚገድብ ደንብ ሲያጸድቅ 118 አገሮች ደግፈው የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ጡጦንና የጡጦ ጫፍን ጭምር ያካትታል፤ ለሕዝብ ማስታወቂያ መሥራትንም፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና ማደልንም ይከለክላል። ምክንያት ነበረው። የሦስተኛው ቀን ሌሊት ከባድ ነው፤ ልጁ ደጋግሞ ይጮኻል፣ ወተቱ ገና እየመጣ ነው። ቆርቆሮው ቁም ሳጥን ላይ ከተቀመጠ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ ጡት ያልተጠባ ጊዜ ደግሞ ወተቱም ይቀንሳል። ማጥባት የማትችል ወይም የማትፈልግ እናት አለች፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። እሷ ማወቅ ያለባት የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አለመሆኑን ነው፤ ፈልቶ ሙቀቱ ገና ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ ይሰጣል። ለዚህ የሚያስፈልጋት በቀላሉ የሚታጠብ ጥቂት ጡጦና ማፍያ ድስት ነው። ማሞቂያው፣ ማድረቂያው፣ ማመላለሻ ቦርሳው ትርፍ ነው።

ስለ ገላ ማጠቢያ ብዙ የሚባል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራል፤ ከዚያም በኋላ ንጹሕ ሳፋ፣ ለስላሳ ፎጣ፣ የክርን ቆዳ የማያቃጥል ውሃ። ፓውደሩን ሱቁ ይያዘው፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል።

ከሁሉም ትንሿ፣ ከብዙ ዝርዝርም የምትጠፋው፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር ናት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ብብቱ ሥር ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ ለነገ አይባልም፤ ወደ ሐኪም ይሄዳል። በዚህ ዕድሜ ብርቱ ሕመም ብዙ ምልክት አያሳይም፤ ግንባር ዳስሶ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ማለት አይበቃም። መኪና ላለው ደግሞ ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር የግድ ነው። ሌላውን ሁሉ ከወንድም ከእህት ተቀበሉ፤ ይህን ግን ታሪኩን ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ፤ ግጭት የደረሰበት ወንበር ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ገጽ ሙሉ በተጻፈው በዚያ ዝርዝር ላይ የእናቲቱ ስም አንዴም አልተነሣም። ከወለደች በኋላ ደሙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ወፍራም ሞዴስ በብዛት ያስፈልጋታል። ከፊት የሚከፈት ሰፊ ልብስ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ትልቅ የውሃ ኮዳ፣ ጀርባዋን የሚደግፍ ትራስ (ያ ከሕፃኑ አልጋ የተነሣው እዚህ ያገለግላል)። ከዚያ ደግሞ ምርመራው አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ክትትል ተደርጎላት፣ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እሷም ልጁም እንዲታዩ ይመክራል። ለእነዚህ ቀናት የሚሆን የመጓጓዣና የሕክምና ገንዘብ ከጋሪው በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። ባለ ሦስት ጎማው ጋሪ ሁለት ወር ቢዘገይ የሚከፋው ሰው ቢኖር አባቱ ነው።

መግዛት ደስታ እንዳለው አልክድም። ትንሿን ካልሲ በሁለት ጣት ይዞ ማየት ብቻውን ለወራት የተጠበቀውን ልጅ እውን ያደርገዋል፤ አክስትና ጓደኛም ባዶ እጃቸውን መምጣት አይወዱም። «ምን ልግዛ?» ለሚሉ የስድስት ወር ቁጥር ልብስ ጠይቋቸው፤ ሁሉም ሰው የአራስ ልብስ ስለሚያመጣ ያኛው ባዶ ይቀራል። መግዛት ለማይችል ደግሞ አንድ ከሰዓት መጥቶ ልጁን እንዲይዝና እናቲቱን እንዲያስተኛ ንገሩት። ከመጣው ልብስ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆነውን ብቻ አጥባችሁ አዘጋጁ፤ የቀረውን ከነምልክቱ፣ ከነደረሰኙ አስቀምጡት፤ ልጁ ምን ያህል ሆኖ እንደሚመጣ ታይቶ የማይሆነው ይለወጣል።