የጣሪያ ሶላር ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ሪሌዩም አብሮ ይታይ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ቀትር ላይ በስፔንና በፖርቱጋል መብራት በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ወዲህ፣ «ታዳሽ ኃይል የኤሌክትሪክ መረብን ያናጋል» የሚለው አባባል በእኛም አገር ደጋግሞ ይነሣል። ሶላር ለመትከል የሚያስብ ባለፋብሪካ ይፈራዋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ጥያቄውን ለማሳደር ምክንያት ያደርገዋል። ይሁን እንጂ አባባሉ ለኢትዮጵያ በዚህ መልኩ አይሠራም። የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ውኃም ታዳሽ ነው። የጊቤ ሦስት 1870 ሜጋዋትም ሆነ የሕዳሴው ግድብ 5150 ሜጋዋት የሚገኘው ተርባይን ከሚያዞራቸው ከባድ ጀነሬተሮች ስለሆነ፣ እነዚህ ግድቦች መረቡን ከማናጋት ይልቅ ያጸኑታል። እንዲያውም በ2018 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በእንፋሎት ተርባይን የሚሠራ በመሆኑ በዚህ ረገድ ከግድቦቹ ወገን ነው። መጠየቅ ያለበት ምንጩ ታዳሽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን፣ ኃይሉ ወደ መስመሩ የሚገባው በሚሽከረከር ማሽን ነው ወይስ በኢንቨርተር፣ ማለትም የሶላርን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ የሚለው ነው።

ይህ ልዩነት ዋነኛ የሚሆነው መከላከያው ላይ ነው። በማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ያለው ሪሌይ፣ ማለትም መስመሩን እየጠበቀ ጥፋት ሲያይ እንዲቆረጥ የሚያዝዘው መሣሪያ፣ ሾርት መፈጠሩን የሚያውቀው በአብዛኛው በከረንቱ ብዛት ነው። ሽቦ ሲበጠስ ወይም ዛፍ በመስመር ላይ ሲወድቅ፣ የሚሽከረከር ጀነሬተር በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ከመደበኛ መጠኑ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ከረንት ወደ ጥፋቱ ቦታ ይገፋል፤ ሪሌዩም ይህን አይቶ ብሬከሩን ይከፍታል፤ ማለትም መስመሩን ይቆርጣል። ኢንቨርተር ግን የውስጥ ሴሚኮንዳክተሮቹ እንዳይቃጠሉ ራሱን ስለሚገድብ፣ ሾርት ሲፈጠርም የሚሰጠው ከመደበኛው 1.1 እስከ 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። ጩኸት ሲሰማ እንዲነሣ የተነገረው ዘበኛ፣ ሌባው በሹክሹክታ ሲገባ አይነቃም።

በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ችግሩ መፍትሔ አለው። 34 ማሽኖች ያሉት የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋዋቱን በሙሉ የሚያስገባው በኮንቨርተር፣ ማለትም እንደ ኢንቨርተር ባለ መሣሪያ፣ በኩል ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ የመስመሩን ሁለት ጫፎች ከረንት በፋይበር እያነጻጸረ የሚሠራ ዲፈረንሺያል ሪሌይ መጠቀም ይቻላል። መሣሪያው ውድ ቢሆንም የመስመሮቹ ቁጥር ውስን፣ ባለቤቱም አንድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚወጡት የ15 ኪሎ ቮልት መስመሮች ናቸው። በገላን፣ በዱከም፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ እነዚህ መስመሮች መጀመሪያ የተዘረጉት ለጥቂት መንደሮች ነበር። ዛሬ ግን ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ኮንዶሚኒየምና ወፍጮ ቤት እየተጨመረባቸው ረዝመዋል። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ባለፋብሪካ በጣሪያው ላይ ሶላር ለመትከል ማሰቡ ተገቢ ነው፤ ቀን በሚሠራ ማሽን ላይ የናፍጣ ወጪውን ይቀንስለታል፤ ለአገርም ይጠቅማል።

አሁን ከእነዚህ መስመሮች አንዱን እንውሰድ። የጣቢያው ሪሌይ ከረንቱ ከ400 አምፔር ሲያልፍ እንዲቆርጥ ሴቲንጉ ተሰጥቶታል እንበል። መስመሩ ረጅም ስለሆነ በጫፉ ላይ ሾርት ሲፈጠር ከጣቢያው የሚሄደው ከረንት 500 አምፔር ብቻ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ቢሆንም ሪሌዩ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በመስመሩ አጋማሽ ያሉ ፋብሪካዎች በድምሩ 5 ሜጋዋት ሶላር አገናኙ እንበል። በ15 ኪሎ ቮልት 5 ሜጋዋት ማለት 192 አምፔር ነው፤ በሾርት ጊዜ በ1.2 እጥፍ ሲሰላ 230 አምፔር ይሆናል። ይህ ከረንት ከአጋማሹ እስከ ጥፋቱ ቦታ ያለውን ሽቦ ከጣቢያው ከረንት ጋር ስለሚጋራ፣ በዚያ ነጥብ ቮልቴጁን ከፍ ያደርግና የጣቢያውን ድርሻ በግማሹ፣ ማለትም በ115 አምፔር ያህል ይቀንሰዋል። ሪሌዩ የሚያየው እንግዲህ 385 አምፔር ነው። የከረንቶቹን የአንግል (የሞገድ መቀዳደም) ልዩነት ስለተውኩት ስሌቱ ቀለል ያለ ነው፤ የሚያሳየው አደጋ ግን እውነተኛ ነው። ሽቦው መሬት ላይ ወድቆ እየተንቀለቀለ የጣቢያው ብሬከር ሳይከፈት ይቆያል። ጥፋቱ የሚቆመው ኢንቨርተሮቹ ራሳቸው ቀድመው ከመስመሩ ከወጡና ሪሌዩ እንደገና 500 አምፔሩን ካየ ነው፤ መቼ እንደሚወጡ የሚወስነውም የጣቢያው ባለሙያ ሳይሆን አምራቻቸው የሰጣቸው ሴቲንግ ነው። እያንዳንዱ ባለፋብሪካ ለብቻው ሲታይ የሚጨምረው ጥቂት በመሆኑ፣ ጥያቄዎቹን በተናጠል የሚመረምር ሰው ይህን አደጋ ከቶ አያየውም።

ሁለተኛው ነገር የሰው ሕይወት ነው። በክረምት በሱሉልታ መንገድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ ተሰብሮ በመስመር ላይ ሲወድቅ፣ የጥገና ሠራተኛው ድሮፕ አውት ፊውዙን (ምሰሶ ላይ ያለውን ማቋረጫ ፊውዝ) በዘንግ አውርዶ ምሰሶው ላይ ይወጣል። እስከ ዛሬ ከላይ ከተቆረጠ ከታች የሚመጣ ኃይል የለም ብሎ መገመት ይችል ነበር፤ ሲበዛ የሚያሰጋው በቼንጅ ኦቨር (ከመረቡ ወደ ጀነሬተር በሚያዞር ማብሪያ) ሳይለይ የተገናኘ የአንድ ግቢ ጀነሬተር ነው። ሶላር ከተገናኘ በኋላ ግን የተቆረጠው ክፍል ከታች በኩል ኃይል ሊይዝ ይችላል። ኢንቨርተሮች መረቡ ሲጠፋ እንዲወጡ ሆነው እንደሚሠሩ አውቃለሁ፤ አይትሪፕልኢ (ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) ያወጣው 1547 የሚባለው ደረጃም ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ እስከ 2 ሰከንድ ነው። ነገር ግን ደረጃውን ማሟላቱ ሳይረጋገጥ ከገበያ የተገዛ ዕቃም አለ፤ በተጨማሪም ብሬከሩ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መልሶ እንዲዘጋ፣ ማለትም መስመሩን እንዲያገናኝ፣ ከተደረገ፣ ገና ባልወጣ ኢንቨርተር ላይ ከፌዝ ውጭ፣ ማለትም ሞገዶቻቸው ሳይገጣጠሙ፣ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ከግቢው ውጭ ሆኖ በዓይኑ የሚያየውና በራሱ ቁልፍ የሚቆልፈው ማቋረጫ በእያንዳንዱ ሶላር ላይ መኖር አለበት፤ መስመሩን ሳይመረምርና በሁለቱም በኩል አርዝ ሳያደርግ (ከመሬት ጋር ሳያገናኝ) እንዳይነካም ጥብቅ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ፈጥኖ መውጣት በራሱ በጎ ነው ብሎ መደምደምም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2016 በካሊፎርኒያ የሰደድ እሳት በመስመሮች ላይ ሾርት ሲፈጥር፣ አንዳንድ ኢንቨርተሮች ፍሪኩዌንሲውን (ከረንቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) በስሕተት አንብበው ወደ 1200 ሜጋዋት የሚጠጋ ሶላር ጠፋ። ኦገስት 9 ቀን 2019 በእንግሊዝ መብረቅ አንድ መስመር ሲመታ፣ በየአካባቢው ያሉ ትንንሽ ማመንጫዎች መከላከያቸው ከሚገባው በላይ ስሱ ስለነበረ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ይዘው ወጡ፤ በተመሳሳይ ጊዜ ትልልቅ ማመንጫዎችም ስለወደቁ ፍሪኩዌንሲው ከመደበኛው 50 ወደ 48.8 ኸርዝ ወርዶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ተቋረጠባቸው። የእኛ የዳርቻ መስመር ደግሞ ቮልቴጁ ምሽት ላይ የሚወርድ፣ ትልልቅ ሞተሮች ሲነሡ የሚንገዳገድ ነው። ለጠንካራ መረብ የተሰጠ ጠባብ ሴቲንግ ይዞ የመጣ ኢንቨርተር በዚህ መስመር ላይ በየሰዓቱ ይወጣል፤ ባለቤቱም ተማሮ መከላከያውን ራሱ ያሰፋዋል ወይም ያጠፋዋል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

«ሶላራችን ገና ጥቂት ነው፤ ሲበዛ እንደርስበታለን» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ጀርመን እንዲሁ ቆይታ ነበር። በርካታ ኢንቨርተሮቿ ፍሪኩዌንሲው 50.2 ኸርዝ ሲደርስ በአንድ ጊዜ እንዲወጡ ተደርገው ከተተከሉ በኋላ፣ ከ300 ሺህ በላይ የሚሆኑ ተከላዎችን ወደ ኋላ ተመልሳ ማስተካከል ግድ ሆኖባታል። ያን ወጪ እኛ አንችለውም። በአንጻሩ አንድ ኢንቨርተር ሲተከል ሴቲንጉን ማስተካከል የአንድ ባለሙያ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው።

ሶላር ይከልከል የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ክልከላ ሰዎች ሳያስመዘግቡ በድብቅ እንዲያገናኙ ያደርጋል፤ ያልተመዘገበ ሶላር ደግሞ በሪሌይ ስሌት ውስጥ አይገባም። የምጠይቀው የማገናኘት ፈቃድ በደንበኛ ሳይሆን በመስመር እንዲታይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለእያንዳንዱ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር በጫፉ ላይ የሚኖረውን ዝቅተኛ የሾርት ከረንት አስልቶ ሪሌዩ ሳይታወር ስንት ሜጋዋት ሶላር መሸከም እንደሚችል ይወስን፤ ወሰኑንም ለአመልካቾች ይግለጽ። ወሰኑ ሲደርስ በመስመሩ መካከል ሪክሎዘር (ራሱ ጥፋትን አይቶ የሚቆርጥና መልሶ የሚያገናኝ ብሬከር) ይተከል ወይም ሴቲንጉ ይቀየር፤ ወጪውም በመጨረሻ በመጣው አንድ አመልካች ላይ ሳይጫን በሜጋዋት ልክ ለሁሉም ይከፋፈል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በበኩሉ የኢንቨርተር ሴቲንግን ለአገራችን መስመር በሚስማማ አንድ ሠንጠረዥ ያውጣና ከተሞከረ በኋላ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ስሌቱም ጣሪያቸው ሰፊ፣ መስመራቸውም ረጅም ከሆነው ከገላንና ከዱከም ቢጀመር፣ የጥገና ቡድኖቹ የሶላሮቹን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ከመጪው ክረምት በፊት በእጃቸው ሊይዙ ይችላሉ።