ዓሣ ለማጥመድ ላንጋኖ?

ሦስት ቤተሰብ ሆነን ለክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሐይቅ ዳር ቤት እንከራይ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአንዱ ወዳጃችን ወንድም ነው። ሰውየው ነዋሪነቱ ሚኒሶታ ሲሆን፣ ሐይቅ በበዛበት በዚያ አገር ዓሣ ማጥመድ ስለለመደ፣ ሐምሌ ላይ ሲመጣ መንጠቆውን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ አስታውቆናል። እንግዲህ መመለስ የነበረበት ጥያቄ የትኛው ሐይቅ ዓሣ አለው የሚለው ብቻ ነበር። ይሁንና ሁለት ሰዎች እሑድ ከሰዓትን ሙሉ ሲከራከሩበት ዋሉ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ገና የመጀመሪያው ቡና ሳይወርድ ላንጋኖን መርጠው ጨርሰው ነበር። ቅርብ ነው፣ አሸዋ አለው፣ ቢልሃርዝያ የለበትም ይባላል፣ የሚከራየውም ቤት በረንዳው ወደ ውሃው ያያል አሉ። የበረንዳውንም ፎቶ ስልካቸውን እያዞሩ ለእያንዳንዳችን አሳዩን። ስለ ዓሣው ሲጠየቁ ግን «ውሃ ካለ ዓሣ የት ይሄዳል?» ብለው አለፉት። በዚህ ስሌት ከሆነ ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ሻላ የአገሪቱ የዓሣ ጎተራ በሆነ ነበር፤ ውሃው ጨውና ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ግን ዓሣ እምብዛም አይኖርበትም።

ሐዋሳ ተወልዶ ያደገው ሁለተኛው ተከራካሪ በትዕግሥት ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙኝ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ የሆነው ደለሉ ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ ካልዘለቀ አልጌ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ደግሞ በአብዛኛው የሚበላው አልጌውን ነው። ለዋና ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለመንጠቆ ግን ሐዋሳ ይሻላል።» ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ የሰጡት መልስ «ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚል ነበር። ዘንዶው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጉማሬ ነው አሉ። እርግጥ ነው፣ ሐዋሳ ጉማሬ አለ፤ አጥማጆቹ ግን የሚውልበትን ቦታ ስለሚያውቁት ጀልባቸውን አርቀው ያልፋሉ።

ሌላ ሰው መሐል ገብቶ ጫሞን አነሣ። በብዙ አሥር ኪሎ የሚመዝን የናይል ፐርች የሚወጣበት ሐይቅ ስለሆነ ለእውነተኛ አጥማጅ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን ከአርባ ምንጭ ማዶ ያለው ያ ውሃ የአዞ ገበያ የሚባል ስፍራ ያለው ነውና ልጆች ይዞ መሄድ ያሳስባል። ጋሼ እዚህም ላይ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ፤ በዚያ ቀን ተረታቸው ቦታውን ያገኘው አሁን ብቻ ነበር። ጣናንም ያነሣ ነበር፤ ክረምት የጣና ባርበስ ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጡበት ወቅት በመሆኑ፣ ያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ መረብ መዘርጋት ዘር ማጥፋት ነው ብሎ የተቃወመው ያው የሐዋሳው ልጅ ነው። ለራሱ ክርክር የሚጠቅመውን ብቻ የሚናገር ሰው እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

እኔ የሐዋሳውን የዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን ስለማውቀው ልቤ ቀድሞ ወደ ሐዋሳ አዘንብሏል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲጠጉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣው አንጀት እስኪጣልላቸው ድረስ ከሰው ጎን ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ልጆቹ ቆሮሶውን በጥቂት የቢላ ምት ከአጥንቱ ለይተው፣ ለደፋር ጥሬውን ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ። ለማጥመድ የፈለገ እንግዳ እዚያው አጥማጁን አነጋግሮ አብሮት መውጣት ይችላል። ይህን ስናገር ጋሼ ተረታቸውን ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ስለጨረሱት ሁላችንም ሳቅን።

ሆኖም ያሸነፈው ፎቶው ነው። አብዛኛው ሰው በረንዳውን አይቶ ላንጋኖ ይሁን አለ፤ ዓሣው ደግሞ በመንገዳችን ላይ ከባቱ ተገዝቶ በበረዶ ተይዞ እንዲሄድ ተወሰነ።

ይህ ውሳኔ በእኔ በኩል ስሕተት ነው፤ ዓሣ ለማጥመድ ተነሥቶ ዓሣ ጭኖ መሄድ ምን ይባላል? ነገሩ ግን የጋሼ ጥፋት ብቻ አይደለም። በዚህ ዘመን ቤቱም፣ ሠርጉም፣ ጉዞውም የሚመረጠው ለሚያየው ሰው እንጂ ለሚኖርበት ሰው አልሆነም። ሐይቁም ከበረንዳ የሚታይ ሥዕል ሆኖ ቀረ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ዓሣን የምናስታውሰው ጾም ሲገባ ዋጋው ሲንር ነው። የዓሣ ሀብቱን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ግን ዛሬም ጫጩቱን ሳይቀር እየጠረገ ያወጣል፣ እኛም ትንንሹን ቆሮሶ ዋጋ ተከራክረን እንገዛዋለን። ዳርቻውም እየታጠረ ነው፤ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ያሰረበት ቦታ ላይ ልጁ ዛሬ ወደ ውሃው ለመውረድ ዘበኛ ያስፈቅዳል፣ ዘበኛውም የክፍል ቁጥሩን ይጠይቀዋል።