ተርብ አይደለም፣ አትግደሉት

ወገኖች፣ እስቲ እጃችሁን ሰብስቡ! አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚያንዣብበው፣ ሆዱ በብርቱካንማና በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረው በራሪ ተርብ አይደለም። ዝንብ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤፒሲርፈስ ባልቴአተስ። መንደፊያ የለውም። ተርብ መምሰሉ ከወፍ አፍ ያድነዋል፤ ወፉስ ይታለል፣ እናንተ ምን ነካችሁ? ክንፉን ቁጠሩ፦ ንብና ተርብ አራት አላቸው፣ እሱ ሁለት ብቻ። አንቴናው አጭር፣ ዓይኑ ጭንቅላቱን የሞላ ነው።

የባሰው ጥፋት ግን በመርጫ የምትፈጽሙት ነው። እንስቷ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ) በወረረው ቅጠል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ነጭ ሞላላ እንቁላል አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ እግርም ዓይንም የሌለው፣ ውስጡ የሚታይ እጭ ይፈለፈላል። ጫፉን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይዳብሳል፤ ክሽክሽ ሲያገኝ ይይዝና ወደ ላይ አንጠልጥሎ ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ባዶ ቆዳውን ይጥላል። ፑፓ (እጩ ወደ ክንፋም ዝንብ የሚለወጥበት ደረጃ) እስኪሆን ድረስ በመቶ የሚቆጠር ይጨርሳል። የሚበላው በአብዛኛው ሌሊት ነውና ሲሠራ አታዩትም፤ ቀን ስታገኙት «ትል ገባበት» ብላችሁ ትጨፈልቁታላችሁ።

መድኃኒት ስትረጩ ክሽክሹም እጩም ይሞታሉ። የተረፈችው ክሽክሽ ግን ወንድ ሳያስፈልጋት ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ዝንቡ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሁለተኛው ወረራ የሚበረታው ለዚህ ነው፤ እናንተ ደግሞ መድኃኒቱ አነሰ ብላችሁ ትጨምራላችሁ! የሳሙና ውሃም አይመርጥም፣ ያረፈበትን እጭ ይገድላል።

እንግዲህ ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ። እጭ፣ ባዶ ቆዳ ወይም ጥቁር ቅባታም ነጠብጣብ (እዳሪው ነው) ካያችሁ አራት አምስት ቀን ታግሣችሁ ክሽክሹን እንደገና ቁጠሩ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ መንገዱን ዝጉበት፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ እጩን ያጠቃል።

ደግሞስ ዳር ዳሩን ሁሉ አርማችሁ መላጣ ካደረጋችሁት እንስቷ ምን ፍለጋ ትምጣ? የአበባ ብናኝ ካልበላች እንቁላሏ አይጎለምስም፤ አፏም አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይሆናትም። ከድንብላሉ፣ ከእንስላሉና ከካሮቱ ጥቂቱን ሳትነቅሉ እስኪያብብ ተዉት። የድንብላል አበባ ቶሎ ያልፋልና በአንድ ጊዜ ዘርታችሁ አትጨርሱት፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ።