«እጅህ ይነግርሃል» ለጀማሪ መልስ አይደለም

«የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ቴስታታውን፣ ከሞተሩ አካል ጋር አሽጎ ዘይትና ውኃ እንዳይቀላቀሉ የሚያደርገውን ስስ ማሸጊያ) መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው» ያሉኝን ሰዎች ሁሉ ዛሬ ሰብስቤ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈታውን ሞተሬን ባሳያቸው ደስ ይለኛል። የሞተሩ ዘይት ከራዲያተር ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ባገኘሁት ጊዜ፣ ከሶማሌ ተራ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝቼ፣ ቴስታታውን አውርጄ፣ ፊቱን በጥንቃቄ አጽድቼ ገጠምኩት፤ መኪናዋ ግን በሦስተኛው ቀን ደግማ ጋለች። ለካ በሙቀት የጎበጠ ቴስታታ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) ሄዶ ካልተስተካከለ የትኛውም ጓርኒሲዮን አይይዝም። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ይኸውም በዓይን የማይለይ መሆኑን፣ ያስጠነቀቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ቴስታታውን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ነገር ነው። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ ሲገባቸው፣ ልኩን የጠየቅሁት መካኒክ «እጅህ ይነግርሃል» ብሎኝ ሄደ። ይህን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ እጅ ምን ሊነግረኝ ይችላል? በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ስለሚሳቡ በአዲስ መተካት አለባቸው፤ ይህንንም የሰማሁት አሮጌዎቹን መልሼ ካጠበቅሁ በኋላ ነው።