ጣሪያ ላይ የወጣው ልጅ መድን የለውም

ባለፈው ክረምት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ እኛ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች የአንዲት አቅመ ደካማ እናትን ቤት ለማደስ ወጣን። ሙቀቱ ሳይበረታ ለመጨረስ ብለን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀመርን። 4 ሰዓት ሲሆን ግን ቆርቆሮው በባዶ እጅ የሚነካ አልነበረም። አንዱ ልጅ ሸበጥ እንዳደረገ ጣሪያ ላይ ሆኖ ምስማር ይመታል። የበሰበሰ ማገር ከሥሩ ተሰበረና ወደቀ።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በባጃጅ ይዘነው ስንሄድ፣ እማማ ከኋላችን "በኔ ቤት ልጄ ተሰበረ!" እያሉ ያለቅሱ ነበር። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ልጁ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። ሦስት ወር ተኛ። ደመወዙ ቀረ፣ የቤት ኪራይ ግን አልቀረም። አዋጣን፣ የቻልነውን ያህል። የመጀመሪያውን ወር እንኳን በቅጡ አልሸፈነም።

ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ የማይጠፋ ነገር አለ። ቆርቆሮውን ያመጣው ባጃጅ መድን አለው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ቆርቆሮውን የመታው ልጅ ግን ምንም የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚያገኘው ተቀጣሪ ነው። በነፃ የሚሠራ ሰው እዚያ ውስጥ አይገባም።

"የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ አይደል?" ይሉኛል። አለ፣ ጥሩም ነው። ግን የሚሸፍነው ሕክምናን ነው፤ የቀረ ደመወዝ አይተካም። እድርም፣ የአካባቢያችን መረዳጃ ማኅበር አፎቻም ቢሆኑ ከሁሉ በፊት የሚደርሱት ለቀብርና ለሐዘን ነው። እኛ የምንፈልገው ሰው በሕይወት እያለ የሚደርስለትን ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። መድን ድርጅቶች የቡድን የግል አደጋ መድን ይሸጣሉ። እንደ ውሉ ለሞት፣ ለዘላቂ አካል ጉዳት፣ ለሕክምና ወጪ፣ ሥራ ለተፈታባቸው ሳምንታትም ይከፍላል። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰላው በሽፋኑ መጠን፣ በሥራው አደገኛነትና በሰው ብዛት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ 15 ሰው ነን። አንድ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ፈቃድና ማኅተም ነበር። የሰፈር ልጆች ማኅተም ከየት ያመጣሉ?

ስለዚህ ውሉን የሚፈርም ትልቅ አካል ያስፈልጋል። የከተማው አስተዳደር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቱን ለበጎ ፈቃድ የሚጠራው እሱ ነውና። ካልሆነ ሕጋዊ ምዝገባ ያላቸው እድሮችና አፎቻዎች ተሰባስበው፣ የየሰፈሩን ቡድን በአንድ ውል ያስገቡ። ሰው ሲበዛ የመደራደር አቅም ይኖራል። መድን ሰጪዎችም የዓመት ውል ብቻ ከማቅረብ፣ ለክረምቱ ወራት የሚሆን አነስ ያለ ውል ያዘጋጁልን። ከጣሪያ የወደቀ ቆርቆሮ መንገደኛ ቢጎዳ ለሚመጣው ካሳም የኃላፊነት ሽፋን ይጨመርበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አጥፍቶ የጎዳ ይክሳል። የ20 ዓመት ልጅ ከየት አምጥቶ ይክሳል?

ይህ ለድሬ ትርፍ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቦይ ውስጥ ገብቶ ደለል የሚያወጣው የሰፈሩ ልጅ ነው። ስለት ይወጋዋል፣ ድንጋይ ይወድቅበታል። ጫማና ጓንት ይቅደም፣ ልክ ነው። ጫማ ያደረገም ግን ከጣሪያ ይወድቃል።

መድን ሰጪ የሚጠይቀው የስም ዝርዝር እኛ ጋ አለ። በየሥራው ቀን የመጣውን ሰው የምንመዘግብበት ደብተር ነው። የዚያ ልጅ ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። እግሩ ድኖለታል፣ ዘንድሮም እወጣለሁ ብሏል።